ተዘቅዝቆ የታየ ገበያ

ማክሰኞ፣ ጥር 26፣ 2007 — ጠዋት 4 ሰ.

ዛሬም ማፊ።

የጁባ ዓረብኛ የመጀመሪያ ቃሌ ይኸው ነው። ማፊ፤ የለም። አስተማሪ ማፊ። መብራት ማፊ። የላቦራቶሪው ቁልፍ ማፊ። የኮሌጁ ዘበኛ ከወንበሩ ሳይነሳ በእጁ ይመልሰኛል። ከሰፈራችን ከአትላባራ ድረስ ቦዳቦዳ ሞተር ላይ ተፈናጥጬ፣ አቧራ ጠጥቼ፣ ማፊ።

ማንጎው ሥር ነኝ። ሌሎቹ ተማሪዎች ክብ ሠርተው ይስቃሉ። ግማሹ በዓረብኛ፣ ግማሹ በባሪኛ፣ የቀረው በማላውቀው። ሲስቁ በእኔ መስሎኝ ሒጃቤን አስተካክላለሁ። በእኔ አይደለም። በእኔ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ቢያንስ አይተውኛል ማለት ነው።

ስለዚህ ካንቺ ጋር አወራለሁ፣ ደብተሬ። አንቺ አማርኛ ትሰሚያለሽ።

ማታ። አባዬ ከሱቅ ገባ። ምን ተማርሽ አለኝ። ብዙ ነገር አልኩት። ደስ አለው። ሩዝ ራሴ ካልሠራሁ ብሎ ጨው አበዛበት። በላሁለት።

ዓርብ፣ ጥር 29

እማዬ ከአዲስ አበባ ደወለች። ትልቅ ወሬ። አጎቴ ከድር መርካቶ አጠገብ አንድ የግል ኮሌጅ አናግሯል። አካውንቲንግ። ከመስከረም ጀምሮ ይቀበሉኛል፣ የዚህን ዓመት ውጤቴንም ይይዙልኛል። ቤቴ አድሬ፣ ቁርሴን በልቼ፣ በእግሬ ሄጄ የምማርበት!

ዘለልኩ። በእውነት ዘለልኩ፤ ጎረቤት ያሉት ሐበሾች ምን ሆነች ብለው በመስኮት አዩ።

አምና እንዲህ ቢሉኝ ኖሮ እዚህ ምን ያመጣኝ ነበር? የደረሰኝ ዩኒቨ. ደቡብ ጫፍ ነበር። እማዬ ሴት ልጄ ዶርም አታድርም አለች። አባዬ ከዚህ ደወለ፦ ጁባ ኮሌጅ አለ፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ እኔ ጋ ትሁን። ከዚያ ሻንጣ። እኔን የጠየቀኝ የለም። የተመዘገብኩትም ቦታ ያለበት እሱ ስለነበረ ነው፦ የሳይንስ መምህርነት።

አባዬ የእማዬን ወሬ በጆሮው ሰማ። መልካም ነው አለ። ሁለት ጊዜ መልካም ነው አለ። ከዚያ ያልቆሸሸ ሰሃን ማጠብ ጀመረ።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

ሰው አገኘሁ!

የፊዚክስ ክፍል። ኡስታዝ ላዱ (እዚህ መምህር ሁሉ ኡስታዝ ነው የሚባለው) ስም ይጠራል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽበታም ሰውዬ፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፤ ድሮ ካርቱም የተማረ። ሌላው አስተማሪ ሁሉ ሲቀር እሱ አይቀርም። ስም ሲጠራ አንድ ነገር አስተውያለሁ። የሚጠራቸው የማይመጡ ልጆች አሉ። አምና ታኅሣሥ ጁባ ላይ ጦርነቱ ከመነሳቱ በፊት የተመዘገቡ። ስማቸውን ይጠራል፣ አንድ ሰው «አቤት» ለማለት የሚበቃውን ያህል ይጠብቃል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ማንም አይንቀሳቀስም። ማንም አያስልም። ይሄን ሁሉ ወጣት እንዲህ ዝም ብሎ አይቼ አላውቅም።

እዚያ ዝምታ ውስጥ አንዲት ረጅም ልጅ አጠገቤ መጥታ፣ እዚህ ሰው አለ ወይ አለችኝ። በአማርኛ!

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አሪየት ትባላለች። አኙዋክ ናት፣ ወላጆቿ ከዚህ ተሰደው ጋምቤላ ነው ያደገችው፣ እስከ አሥራ ሁለተኛ እዚያ ተማረች። አሁን ካቶር ሰፈር አክስቷ ቤት ትኖራለች። ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልሽኝ አልኳት።

«ፊትሽ የተዘጋ በር ነበር» አለች። «ማንኳኳት ፈራሁ።»

ሐሙስ፣ የካቲት 19 — ከሰዓት

ላስረዳሽ አልችልም፣ ግን እሞክራለሁ።

ባለፈው ሳምንት ኡስታዝ ካርቶን አምጡ አለን። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ከአባዬ ሱቅ የሳሙና ካርቶን ተሸክሜ መጣሁ፤ ካርቶኑ ፊቱን እየሸፈነው የቦዳቦዳው ልጅ ተሳደበ። ዛሬ መስኮቶቹን በሙሉ በካርቶን ሸፈንን። በሩን ዘጋን። የበሩን ሥር በጨርቅ ደፈንን። መብራት እንደሁ ማፊ። ድቅድቅ። ሙቀቱ እንደ ዳቦ ቤት። ወንዶቹ ያሾፋሉ፣ አንዷ ወጣሁ ትላለች።

ኡስታዝ የመሐለኛው መስኮት ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ ቀዳዳ ወጋ። ትንሽ። የጣት ጥፍር የማታክል።

ጠብቁ አለ። ዓይናችሁ ይልመድ።

ከዚያ ግድግዳው ላይ ነገር መጣ። መጀመሪያ እንደ ጭስ። ቀስ እያለ ጠራ። አረንጓዴ ከላይ ተንጠለጠለ፤ ማንጎው ነው፤ ሥሩ ወደ ጣሪያ፣ ቅጠሉ ወደ ወለል። ሰማዩ ከታች፣ ሰማያዊ። ቀይ አቧራው ከላይ። ከዚያ አንዲት ሴት ቢጫ ባልዲ በጭንቅላቷ ተሸክማ፣ ተዘቅዝቃ፣ ግድግዳችን ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተራመደች። በቀለም! እየተንቀሳቀሰች! ውሃው አልፈሰሰም።

አንድ ልጅ በዓረብኛ የአላህን ስም ጠራ፣ ሌላው አማተበ። እኔ ሱብሃነላህ አልኩ፤ ሁለተኛም ሦስተኛም። ግድግዳውን ነካሁት። የሴትዮዋ ቀሚስ እጄ ላይ ሄደ።

ኮረንቲ የለም። ማሽን የለም። ቀዳዳ ብቻ።

ኡስታዝ ጨለማው ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስረዳን። ብርሃን አይታጠፍም፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ከላይ የመጣው ቀዳዳዋን አልፎ ከታች ያርፋል፣ ከታች የመጣው ከላይ። ይሄው ነው። ዓይናችሁም ውስጥ ዓለም እንዲህ ተዘቅዝቃ ነው የምትገባው አለ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ዛሬ ዓይኔን እፈራዋለሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 20

ሌላ ነገር። ዛሬ ኡስታዝን ማንጎው ሥር አስቁሜ ጠየቅኩት፤ በራሴ አፍ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። መሬት መሬቱን አሳየኝ። ቅጠሉ መሐል አልፎ መሬት ላይ የሚወርደው ብርሃን አለ አይደል፣ ክብ ክብ እንደ ሳንቲም? ቅጠሎቹ መሐል ያለው ክፍተት ክብ አይደለም። ብርሃኑ ግን ክብ ነው። ለምን?

ፀሐይ ክብ ስለሆነች። እያንዳንዷ ክብ የፀሐይ ምስል ናት።

አየሽ? ስንት ቀን በዚህ ዛፍ ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ማታ ለአባዬ ነገርኩት። ጥሩ ነው አለ። ስልኩን እያየ። የዱቄት መኪናው ከኡጋንዳ በሚያመጣው የኒሙሌ መንገድ ላይ ቆማበታለች።

ዓርብ፣ መጋቢት 4

የአባዬ ሱቅ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ መሐል ነው። ጅምላ፤ ዱቄት፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ስኳር። ከጎኑ፣ በሩ ወደ ገበያው የሚከፈት የቆርቆሮ መጋዘን አለ። ዛሬ ከጁምዓ በኋላ ሱቁ ሳይከፈት ስኳር ላወጣ ወደዚያ ገባሁ። በሩን ከኋላዬ ነፋስ ዘጋው።

ቆምኩ። በሩ ላይ አሮጌ የሚስማር ቀዳዳ አለ። ከፊት ለፊቱ የተደረደሩት የዱቄት ማዳበሪያዎች ላይ የደበዘዘ ነገር ይንቀሳቀሳል።

አባዬን ጠራሁት። እባብ መስሎት ዱላ ይዞ መጣ። ገብተህ በሩን ዝጋው አልኩት። ነጭ አቡጀዲ ማዳበሪያዎቹ ላይ ዘረጋሁ። እጁን ይዤ ዱቄት ላይ አስቀመጥኩት። ጠብቅ አልኩት፤ ዓይንህ ይልመድ።

ኮንዮ ኮንዮ መጣች። በሙሉ። ተዘቅዝቃ። ጃንጥላዎቹ ከታች እንደ ጎድጓዳ ሰሃን፤ ተሸካሚዎቹ ጆንያ በጀርባቸው በጣሪያው በኩል ይሄዳሉ፤ ሞተር ብስክሌት ጎማው ወደ ላይ ያልፋል። ድምፁ ከውጭ እንደ ወትሮው ነው፣ ሰዉ ሲከራከር፣ ጥሩምባ ሲነፋ። ዓይናችን ፊት ግን ሌላ ገበያ።

አባዬ አንገቱን ጠመዘዘ። ከዚያ፦

«ያ ያዕቆብ ነው» አለ። ፊት ለፊት ቲማቲም የሚሸጠው ኡጋንዳዊ ነው። «ያዕቆብ ነው እኮ! ተገልብጦ!»

ሳቀ። አባዬ ሲስቅ ጥርሱን ካየሁ ስንት ጊዜዬ። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

«ይሄ ሁልጊዜ እዚህ ነበረ?»

«ቀዳዳው እስካለ ድረስ፣ አባዬ። ፀሐይ በወጣ ቁጥር።»

«እኔ ስኳር ላወጣ ገብቼ ስወጣ?»

«አዎ።»

ሱብሃነላህ አለ። ዱላውን አሁንም ይዞታል። ደንበኛ በሩን ሲደበድብ ቆይ አለው፤ አባዬ ደንበኛን ቆይ ሲል ሰምቼ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 15

ወባ። ሰሞኑን አልጻፍኩልሽም፣ እጄ ብርድ ልብስ አይለቅም ነበር። ጁባ በዚህ ሙቀት ብርድ! ሁሉም ነገር ተመልሶ መጣ፤ ጣሪያው፣ ትንኙ፣ እማዬን መፈለግ። ትኩሳቱ ሲነሳ በቃ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ እላለሁ። አባዬ ሱቅ ዘግቶ ግንባሬ ላይ ጨርቅ እያራሰ ይለዋውጣል።

ዛሬ ከሰዓት የግቢው በር ተንኳኳ። አባዬ ከፈተ። አሪየት። ከኋላዋ ሌላ። ከኋላው ሌላ። ክፍሉ በሙሉ መጣ መሰለኝ! ስሜን የማያውቁ ይመስሉኝ የነበሩት። ሁለቱን በስም አላውቃቸውም፤ እነሱ ግን ነጃት ይሉኛል። አንዱ ፓፓያ፣ አንዷ ሶዳ፣ አንዱ ያለፈኝን ክ/ጊዜ በእጁ ገልብጦ። ወንበር ማፊ፣ አባዬ ጀሪካን ገልብጦ አስቀመጣቸው። ተነስተው በየቋንቋቸው ጸለዩልኝ። ከዚያ ዘፈኑ። የታመመ ሰው ብቻውን አይተኛም አለች አሪየት፣ ነውር ነው።

ሲሄዱ አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። እነዚህን ልጆች ሲገዙ እንጂ እንዲህ አላውቃቸውም አለ። ድምፁ ልዩ ነበር።

እኔስ? እኔም አላውቃቸውም ነበር።

ሐሙስ፣ መጋቢት 24 — ማታ 1 ሰ.

ዛሬ ጥላዬን አጣሁ።

ቀልድ አይደለም። ኡስታዝ ቀትር ላይ ወደ ሜዳው አወጣን። ፀሐዩ እንደ መዶሻ። እኔ ገና ከወባ የተነሳሁ፣ አሪየት በክንዷ ደግፋኛለች። መሐል ሜዳ ላይ የብረት ቧንቧ ቀጥ አድርጎ ተክሏል። ዝም ብላችሁ ጥላውን እዩ አለ።

የቧንቧው ጥላ አጭር ነው። አየነው። አጠረ። ደግሞ አጠረ። አንዱ የራሱን ጥላ አየና ያ አላህ፣ የኔም አጠረ አለ። ሁላችን ወደ እግራችን አየን። ጥላችን እየተሳበ ወደኛ ይመጣል፤ ጫማችን ሥር እየገባ ነው፤ የትከሻችን ጥላ ብቻ ዙሪያችን ቀረ፣ እንደ ትንሽ ምንጣፍ።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የቧንቧው ጥላ ጠፋ። ፈጽሞ። ብረቱ ከመሬቱ ላይ እንደ ተለጠፈ ሥዕል ቆመ። ኡስታዝ ባልዲ ገለበጠ፤ ጥላ የለውም። ሜዳውን ቀና ብዬ ሳይ ሰዎቹ እውነት አይመስሉም፤ መሬት የለቀቁ ይመስላሉ።

ፀሐይ አሁን በትክክል አናታችሁ ላይ ናት አለ። ሳታዘነብል። በዓመት ሁለት ጊዜ ለጁባ እንዲህ ትቆማለች። ዛሬ አንዱ ነው።

አዲስ አበባስ አልኩት። እዚያም ትመጣለች አለ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ወደ ሰሜን እየሄደች።

ስለዚህ ፀሐይ በየዓመቱ እናቴ ቤት ግቢ ላይ ትቆም ነበር። እኔ ጥላዬ ሲጠፋ ብይ እጫወት ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ጥላው በሌላኛው በኩል ብቅ አለ። አንድ ሰው አጨበጨበ። እኔ አለቀስኩ። አሪየት ወባሽ ተመለሰ እንዴ አለች። አይደለም። መሬት ስትዞር አየሁ። አየሁ ነው የምልሽ፣ ደብተሬ። እየዞረች ነው፣ እኛም ላይዋ ላይ ነን፣ የቲማቲሙ ያዕቆብም፣ እማዬም፣ ስማቸው ተጠርቶ የማይመጡትም ካሉ የትም ይሁኑ።

እራት አልበላሁም። እንዴት ይበላል?

ሰኞ፣ ሚያዝያ 12

ዝናብ ጀመረ። ጁባ ጭቃ ሆነች፤ ቦዳቦዳው ገፍተሽ እርጂኝ ይላል። አልከፋኝም። ቀድሜ ነው የምደርሰው አሁን። ፊት ወንበር።

ዛሬ ድፍረት አግኝቼ ኡስታዝን ጠየቅኩት፦ በሚቀጥለው ዓመት በፊዚክስ ልቀጥል እችላለሁ ወይ? መነጽሩን አወለቀ። ሳቀ፣ ግን ደስ ብሎት አይደለም።

ማፊ አለ።

ፊዚክስን ለብቻው የሚያስተምር የትምህርት ክፍል የለም። ይከፈታል ይባላል፣ አልተከፈተም። ሁለተኛ ዓመት ላይ የሚጠብቀኝ እንዴት እንደሚያስተምሩ መማር ብቻ ነው። የማስተምርሽ ነገር አላጣሁም፣ የማስተምርበት ክፍል ነው ያጣሁት አለ።

አገርሽ ዩኒቨርሲቲ አለ አይደል? አለኝ። ሂጂ። እሱም በኔ ዕድሜ አስተማሪው ሂድ ስላለው በጀልባ ካርቱም ድረስ ወርዷል፤ ወንዙ ላይ እያደረ።

ተናደድኩበት። ደብተሬ፣ ወላሂ ተናደድኩ። ጥር ላይ ሂጂ ቢለኝ እግሩን እስመው ነበር። አሁን? አሁን የክፍሉን ልጆች ስም ሁሉ ሳውቅ? ዓረብኛ ቀልድ ሲገባኝ? ትናንት እኔም ቀልጄ እኮ ሳቁ!

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 17

ለአጎቴ ለከድር ተደብቄ ደወልኩለት። ፊዚክስ አልኩት። ፊዚክስ አለ እንደገና፣ የበሽታ ስም እንደሚደግም ሰው። ግን ጠየቀልኝ፣ አላህ ይስጠው። አምና የደረሰኝ ዩኒቨ. ይቀበለኛል፤ ፊዚክስ የሚፈልግ ተማሪ ስለሌለ ቦታ ሞልቷል አሉት። ዶርም ነው። ከእማዬ ቤት ሙሉ ቀን መንገድ።

ከሰዓት ከአሪየት ጋር ወንዝ ዳር። ዓባይ፣ ነጩ። ሣር የበቀለበት ትልቅ ቁራጭ መሬት ተገንጥሎ በውሃው ላይ ይሄዳል፤ ወፎች ቆመውበታል፤ እንደ መኪና ተሳፍረው ወደ ሰሜን። ዝም ብለን አየን። አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይመጣል። ያ ሁሉ ውሃ። ከየት ይመጣል፣ ማን ይቀዳዋል? አፌ ተከፍቶ ነበር መሰለኝ፣ አሪየት ትንኝ ይገባብሻል አለች።

ነገርኳት። ሁሉን። ከኔ ጋር ነይ አልኳት፣ አማርኛሽ ከኔ ይሻላል፣ ጋምቤላ ዘመድ አለሽ። ሣር ነጭታ ወንዙ ውስጥ ጣለች።

«እኔ ልጅ ሆኜ በሰው አገር ሁሌ ስለዚህች አገር ነበር የሚወራልኝ» አለች። «አገርሽ ትገቢያለሽ፣ አገርሽ ትገቢያለሽ። ይኸው ገባሁ። ጭቃ ነው፣ መብራት የለውም፣ ግን ደርሻለሁ ነጃት። አንቺ ገና አልደረስሽም። ሂጂ።»

«ትቆጪኛለሽ ብዬ ነበር።»

«እቆጣለሁ። ስትሄጂ። አሁን ውሃውን እዪ።»

አየሁ። ምንም አላየሁም፣ ዓይኔ ሞልቶ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 23

ለአባዬ ነገርኩት። መጋዘን ውስጥ፣ ዘይት እየቆጠርን። እማዬ ያለችው አካውንቲንግ አይደለም፣ ፊዚክስ ነው አልኩት። እሷ ቤት አይደለም፣ ዶርም ነው።

ፊዚክስ ተምሮ ሱቅ የከፈተ ሰው አይቼ አላውቅም አለ።

ሱቅ አልከፍትም አልኩ።

ሰማይ ማን ይገዛሻል አለ።

ዘይቱን ቆጠርኩ፣ ተሳሳትኩ፣ እንደገና ጀመርኩ። ሱቁን ማን ያግዘኛል አለ። ሱቁን እኔ ሳልመጣም ያለ ማንም እገዛ ይዞታል። ሁለታችንም ይሄን እናውቃለን። እኔ ሳልመጣ አባዬ እራቱን ሱቁ ውስጥ ቆሞ ነበር የሚበላው፤ ያዕቆብ ነው የነገረኝ።

እቤት ገብተን ሩዝ ሠራሁ። ቁጭ ብሎ በላ። ከዚያ፣ ሰሃኑን እያየ፦

«ብቻዬን መኖር አውቅበታለሁ» አለ። «ለኔ ብለሽ እንዳትቀሪ።»

እሱ ነው ልቤን የሰበረው። ማወቁ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 25

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ልቆይ። ልሂድ። ልቆይ። አላህ የሚሻለውን እንዲመርጥልኝ ኢስቲኻራ ሰገድኩ። ሕልም አላየሁም፤ ነጎድጓድ ብቻ ሰማሁ። ስነሳ ግን የምፈራው ነገር ተለውጧል። ጥር ላይ እዚህ መቅረትን ነበር የምፈራው። ዛሬ የምፈራው አንድ ቀን ጎልማሳ ሆኜ፣ ያ ነገር እንዴት ነበር እኮ፣ ብርሃኑ፣ ብዬ ለማስታወስ መሞከርን ነው።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 27 — ማታ 2 ሰ.

ውሳኔ፦ እሄዳለሁ። ፊዚክስ። ሴሚስተሩን እስከ መጨረሻ ተምሬ፣ ፈተናዬን ተፈትኜ፣ ነሐሴ ላይ። ለኡስታዝ ነገርኩት፣ ጨበጠኝ፣ ረጅም እጁ ክርኔ ድረስ የደረሰ መሰለኝ። ለአሪየት ነገርኳት። እንዳለችው ተቆጣች። ከዚያ ምሳዋን አካፈለችኝ።

የቀረችው እማዬ ናት። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩ፣ አንስቼ አስቀመጥኩ። አባዬ ከእጄ ወሰደው። እኔ ላናግራት አለ። አባቷ ነኝ፣ ዶርሙን በኔ ላይ ትጩህ አለ። ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ።

አሁን እያወራ ነው። ኡስታዝ ዛሬ ስለ ድምፅ ጀምሮልናል፤ ወፍራሙ ድምፅ ግድግዳ ያልፋል፣ ቀጭኑ ይቀራል ብሎ። እውነቱን ነው። ቃሉ አይደርሰኝም። ጉርምርምታው ግን ይመጣል፣ በብሎኬቱ ውስጥ አልፎ። መዳፌን ግድግዳው ላይ አደረግኩ። ይንቀጠቀጣል! የአባዬ ድምፅ ነው፣ መዳፌ ላይ። ስለኔ ነው የሚያወራው፤ ረጅም፣ ሳይቆም። አባዬ ለእማዬ ይሄን ያህል አውርቶ አያውቅም።

አሁን ዝም አለ። እሷ እየተናገረች ይሆናል።

ሳቀ? ሳቅ ነው መሰለኝ፣ ግድግዳው ሁለት ጊዜ ነዘረኝ። እየጠራኝ ነው። ነጃት፣ ነይ፣ እናትሽ ለዶርሙ ስንት አንሶላ ልግዛ እያለች